ሁሉንም ተካ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ማውስ ሳይነካ የሚውል ጸሐፊ እኔ ብቻ ነበርኩ ብል ጉራ አይሁንብኝ። ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ባለ አንድ በር ክፍል ተከራይቼ የኮምፒውተር ጽሕፈት እሠራለሁ። ሌላው ሰው ማውሱን ይዞ ጠረጴዛውን ሲፈትግ፣ እኔ በኮንትሮል ሲ ቀድቼ፣ በኮንትሮል ቪ ለጥፌ፣ በኮንትሮል ኤስ አስቀምጬ ፕሪንተሩን አስነሥቻለሁ። ደንበኛ ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ "አለቀ" ማለት ደስ ይለኝ ነበር። "ምን ዓይነት እጅ ነው ያላት!" ሲሉ እሰማና ልቤ ያብጣል።

ያን ሁሉ ሰዓት አትርፌ ምን እንደማደርግበት የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ቢጠይቁኝም የምመልሰው የለኝም። የጅማ ልጅ ነኝ። እዚህ የመጣሁት ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ ነው። ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ እናቴ ሞተች፣ ከዚያ በኋላ "መቼ ትመጫለሽ?" የሚለኝ ሰው ጅማ ውስጥ አልቀረም። ስመረቅ ጓደኞቼ ወደየአገራቸው ገቡ፤ እኔ የምገባበት ስላጣሁ እዚሁ ቀረሁ። ኢድ ሲሆን ጠዋት ሰግጄ እመለስና ሱቄን እከፍታለሁ። ሰው ደግሞ "ሐያት በዓል እንኳ አታውቅም፣ ሥራ ወዳድ ናት" ይላል። ሥራ ወዳድ አልነበርኩም። ብቸኛ ነበርኩ።

አቋራጭ ቁልፎቹንም የተማርኳቸው ከዚሁ የተነሣ ነው። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ተቀምጬ "ይህ ሲነካ ምን ይሆናል? ያኛውስ?" እያልኩ አንድ በአንድ እሞክር ነበር። የማላውቀው ቁልፍ ሲያልቅብኝ ማክሮ መሥራት ጀመርኩ። ማክሮ ማለት ብዙውን ሥራ ለአንድ ቁልፍ አስተምሮ መተው ነው፤ አንዴ ካሠለጠኑት በኋላ ሲነኩት ሁሉንም እሱ ይሠራዋል።

ካሠለጠንኳቸው ሁሉ የምኮራበት አንድ ነበር። ብዙ ደብዳቤ የሚያመጣልኝ አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ ኃላፊው "ፊደል አታደበላልቁብኝ፣ አንድ ወጥ ይሁን" ባይ ሰው ናቸው። ሠ የተባለ ሁሉ ወደ ሰ፣ ሐም ኀም ወደ ሀ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ዐ ወደ አ እንዲመለስ ይፈልጋሉ። እያንዳንዱ ፊደል ሰባት ቤት ስላለው ይህን በእጅ መሥራት ቀን ይፈጃል። እኔ "ሁሉንም ተካ" የሚለውን ትእዛዝ ለሁሉም ደርድሬ በአንድ ቁልፍ አሰርኩት። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ጽሑፍ ሲያልቅ ጣቶቼ ያለ እኔ ይሄዳሉ፦ ሁሉን ምረጥ፣ ዳርና ዳሩን አስተካክል፣ ፊደሉን አንድ አድርግ፣ አስቀምጥ፣ አትም፣ ዝጋ። መለስ ብሎ ለማየት እንኳ ጊዜ የለም።

እንግዲህ የኔታ ጥበቡ የመጡት ወደዚህች ሴትዮ ነው።

የደብረ ወርቅ የቅኔ መምህር ናቸው። ዐይናቸው ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊደል አያዩም። ተማሪዎቻቸው በዚህም በዚያም ምክንያት ሲበታተኑባቸው፣ እኔ ሰፈር ከምትኖረው ከእኅታቸው ልጅ ከእናኑ ዘንድ መጥተው ተቀምጠዋል። እናኑ እስከ በሬ አድርሳቸው ስትመለስ፣ እሳቸው በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡና እንዲህ አሉኝ።

"ልጄ፣ እኔን ያስተማሩኝ መምህር ቅኔያቸውን በወረቀት አላሰፈሩም። ያለው እዚህ ነው።" ግንባራቸውን በጣታቸው መቱት። "ልጄ አዲስ አበባ ልትወስደኝ ነው። ሳልሄድ ይጻፍና ለደብረ ወርቁ ጉባኤ ቤት ይግባ። እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ ጻፊ።"

"የኔታ፣ እኔ እኮ ግእዝ አላውቅም። ደግሞ እስላም ነኝ" አልኩ፣ ኋላ ቅር እንዳይላቸው።

"ፊደል ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"ይበቃል።"

ሦስት ሳምንት ጻፍን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላብድ ነበር። አንድ ቃል ይሉና ቆመው ፊደሉን በስሙ ይጠሩልኛል። "በንጉሡ ሠ ነው፣ በእሳቱ እንዳታደርጊው።" "ይኸ ሐመሩ ሐ ነው።" "ይኸ ብዙኃኑ ኀ።" "ሃሌታው ሀ።" ንጉሥ የሚለው ቃል የሚጻፍበት ሠ ንጉሡ ይባላል፣ እሳት የሚጻፍበት ሰ እሳቱ፤ ሌሎቹም እንደዚሁ። እኔ በደቂቃ ገጽ የምሞላ ሰው በሰዓት አሥር መስመር መጻፍ ሞት ሆነብኝ። በልቤ "ለጆሮ አንድ የሆነ ነገር ምን ያጨቃጭቃል?" እላለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ስምንት ሰዓት ሲቃረብ የበትራቸውን ድምፅ መጠበቅ ጀመርኩ። ሲገቡ "ሐያት፣ እንዴት ዋልሽ? ምሳ በላሽ?" ይሉኛል። ምሳ መብላቴን የሚጠይቅ ሰው ካጣሁ ቆይቼ ነበር።

ያም ሆኖ ልማዴን አልተውኩም። ሐሙስ ዕለት የመጨረሻዋን ስንኝ ተናገሩና "ተፈጸመ" አሉ። ልጃቸው ቅዳሜ ጠዋት መኪና ይዛ ትመጣለች። ቅጂው ደግሞ ዐርብ በማለዳው ሚኒባስ ደብረ ወርቅ ይሄዳል።

"አሁን ወረቀት ለማድረግ ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አሉኝ።

"ዐይንዎን ጨፍነው እስኪገልጡ የኔታ" አልኩ እየሣቅሁ፤ ጣቶቼም ሄዱ። ምረጥ፣ አስተካክል፣ አንድ አድርግ፣ አስቀምጥ፣ አትም፣ ዝጋ። ፕሪንተሩ ስልሳ ሁለት ገጽ ሞቅ ሞቅ ያለ ወረቀት አወጣ።

"እስቲ ጥቂት አንብቢልኝ" አሉና ዐይናቸውን ከደኑ።

አነበብኩ። ፊታቸው እየበራ ሄደ። አንዳንዱ ቦታ ላይ እኔ ሳልጨርስ እሳቸው ይጨርሱታል። "ሠረቀ ፀሐይ" የሚል ቦታ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ እዚህ ላይ። መምህራችን ይቺን ያሏት ለሚያንቀላፋ ተማሪ ነው። ሠረቀ በንጉሡ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣች ማለት ነው። በእሳቱ ከተጻፈ ግን ዘረፈ፣ የሌባ ነገር ነው። ጆሮ ሁለቱንም ይሰማል፤ ፀሐይዋ ወጣች፣ ቀንህንም ሰረቀችህ ብለውታል። ዐይን ግን ንጉሡን ማየት አለበት። አለዚያ ፀሐይዋ ትጠፋና ሌባው ብቻ ይቀራል።" ሣቁ። "በንጉሡ ነው የጻፍሽው፣ አይዶል?"

ወረቀቱን አየሁ። እሳቱ ነበር።

ዐይኔን ወደ ላይኛው መስመር ሰደድኩ። እሳቱ። ወደ ታች። እሳቱ። "ፀሐይ" የተባለው ፀሐዩም ሐመሩም ሄደው ሌላ ቃል መስሏል። ያኔ ጣቶቼ ምን እንደሠሩ ገባኝ። ጽሑፉን አስቀምጬዋለሁ፣ ዘግቼዋለሁም። ኮንትሮል ዜድ ብሎ ወደ ኋላ መመለስ የሚቻለው ሳይዘጋ ነው።

"አዎ የኔታ፣ በንጉሡ ነው" አልኩ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ዐይናቸው አያይም፣ ጆሮ ደግሞ አይለየውም። እሳቸው ተነሥተው እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉና መረቁኝ። "እድሜ ይስጥሽ፣ እንደኔ ሸክም አራግፎ መሄድን ይስጥሽ" አሉ። ወረቀቱን ከጋቢያቸው ሥር ደብቀው፣ እናኑ እጃቸውን ይዛ፣ ቀስ እያሉ ሄዱ።

ብቻዬን ስቀር ፋይሉን ከፍቼ ንጉሡን ሠ በሰባቱም ቤት ፈለግሁ። ኮምፒውተሩ "አልተገኘም" አለኝ። ፀሐዩን ፈለግሁ፣ አልተገኘም። ሐመሩም ብዙኃኑም የሉም። የሦስት ሳምንት ሥራ፣ ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ተሸክመው ያመጡት፣ በአንድ ቁልፍ ተጠራርጎ ሄዷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመው እንኳ የቱ የማን እንደሆነ አላውቅም።

የማፍርበትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ቅኔው አልነበረም። "ማን ያውቅብኛል?" ነው ያልኩት። ቅዳሜ ይሄዳሉ፤ ደብረ ወርቅ ያሉት ቢያዩ "የከተማ ጸሐፊ አበላሸችው" ብለው ይተዉታል። ቀጥሎ የመጣብኝ ሐሳብ ከዚህም ይብስ ነበር፤ ሄጄ ብነግራቸው ይጠሉኛል፣ እዚህ አገር ምሳ በላሽ ወይ የሚለኝ አንድ ሰው ነው ያለኝ፣ እሱንም አጣለሁ። ሳይጠሉኝ ይሂዱልኝ ብዬ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ዐርብ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እናኑ ደጅ ደረስኩ። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ ወደ መናኸሪያ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ተጋጠምን።

"ውይ ሐያትዬ! በደኅና ነው?"

"ወረቀቱ አይሂድ" አልኳት። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "የኔታ ተነሥተዋል?"

የኔታ ጸሎታቸውን ጨርሰው መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊታቸው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ቁልፉን፣ የጣቶቼን ልማድ፣ ዝጋ ማለቴን፣ በንጉሡ ነው ያልኩትን። እናኑ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"ፊደሉን ያጠፋው ኮምፒውተሩ ነው" አሉ የኔታ። "አዎ ያልሽኝ ግን አንቺ ነሽ።"

"እኔ ነኝ የኔታ።"

"እኔ ስሕተት ይዤ ብሞት አብሮኝ ይቀበራል። የተጻፈ ስሕተት ግን አይሞትም። ተማሪው 'የኔታ ጥበቡ እንዲህ አጻፉ' ብሎ ሠረቀን በእሳቱ ይማራል፤ ያስተምራል። መምህሬን ሌባ አደረግሽብኝ።"

አለቀስኩ። አለማልቀስ አልቻልኩም።

"ለመሆኑ ይኸ ያጠፋው ቁልፍ ማን ይባላል?"

"ሁሉንም ተካ ይባላል።"

"አንድ በአንድ የሚባልስ የለውም?"

"አለው የኔታ። ግን ረጅም ነው።"

"እንግዲያ እሱን አውጪው" አሉና በትራቸውን በእጃቸው ዳበሱ። "ነይ እንሂድ።"

ሱቁ ስንገባ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። አዲስ ማክሮ ሠራሁ። ይህኛው እንደ ፊተኛው አይጠርግም፤ አንድ ቁልፍ ስነካ የሚያጠራጥር ፊደል ፈልጎ እዚያው ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ሌላ ቁልፍ ስነካ ያቺን አንዷን ብቻ ይለውጣል። ቃሉን አነባለሁ። "እሳቱ" ይላሉ፤ አልፋለሁ። "ንጉሡ" ይላሉ፤ እለውጣለሁ። "ንጉሡ። ንጉሡ። እሳቱ።" ማውስ ብይዝ ኖሮ አንድ ሳምንት ይፈጅ ነበር። ያን ዕለት እጄ የፈጠነውን ያህል ፈጥኖ አያውቅም፤ ግን እያንዳንዱ ፊደል ላይ ሰው ነበረበት።

አምስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ላፕቶፔ ባትሪው ያረጀ ነው። ብርሃኑን ቀንሼ፣ ዐይኔን እያጠበብኩ ቀጠልን። ንጉሡን ጨረስን፣ ፀሐዩን ጨረስን፣ ዐይኑ ዐ ላይ ስንደርስ ስክሪኑ ጭልም አለ። በየፊደሉ ኮንትሮል ኤስ እል ስለነበር የጠፋብን የለም። የቀረን ግን አለ፣ የሀዎቹ ነገር ገና አልተነካም፣ ነገ ደግሞ መኪናው ይመጣል።

ጨለማ ክፍል ውስጥ በሩን ከፍተን ተቀመጥን። ዕለቱ ዐርብ ስለሆነ የኔታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱም። ሻይ ልጠጣ ብዬ አፈርኩና እኔም ተውኩት።

"ሐያት ማለት ምን ማለት ነው በናንተ?" አሉኝ።

"ሕይወት ማለት ነው።"

"ታዲያ በየትኛው ሀ ነው የምትጽፊው?"

"ያው በመጣልኝ። ብዙ ጊዜ በሃሌታው።"

"አይሆንም። ሕይወት በሐመሩ ነው። አንቺም በሐመሩ ነሽ።"

በስሜ ላይ ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው አልነበረም። እናቴ እንኳ ማንበብ አትችልም ነበር።

ቀጥለውም "ይኸ የምታተርፊው ሰዓት" አሉ፣ "የት ነው የምታኖሪው?"

"የትም የኔታ" አልኩ። "ቶሎ እጨርስና እቀመጣለሁ። የምሄድበት የለኝም። እርስዎ ሲመጡ ነበር ቀኑ የሚመሽልኝ። እናም ትናንት ቶሎ ጨረስኩት፤ ምን ነክቶኝ እንደቸኮልኩ አላውቅም።"

በትራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ዞሩ። "እኔም ልጄ ዘንድ የምሄደው ወድጄ አይዶል። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው አሉ። እሷ ሥራ ትውላለች። የማውቀው ሁሉ ቃል ነው፤ ለግድግዳ ቃል አይነገርም።"

መብራቱ የመጣው አሥር ሰዓት አልፎ ነው። ዐይኑን ጨርሰን ሀዎቹን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርን። ሀ ደግሞ ሁለት ሳይሆን ሦስት ነው፤ ይዘገያል። እናኑ ልትወስዳቸው ስትመጣ አርባ ሦስተኛውን ገጽ ጨርሰን ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ስደርስ መኪናው ቆሟል። ልጃቸው መንገዱ ክፍት ሳለ አባይን መሻገር አለብን ብላ ትቸኩላለች። አልፈርድባትም። አሥራ ዘጠኝ ገጽ እንደቀረ ነገርኳት። "በስልክ ጨርሱታ፣ ምን ችግር አለው?" አለችና ቁጥሯን ሰጠችኝ። የኔታ በመስኮቱ እጃቸውን አወጡ፤ ያዝኩት። "ወረቀቱን እንዳትሰጪ፣ ሳያልቅ" አሉ። መኪናው ሄደ። እናኑ ወደ ቤቷ ገባች፣ እኔ ወደ ሱቄ። የዚያን ዕለት ከስምንት ሰዓት ጀምሮ በሩን ሳይ ዋልኩ።

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወልኩ። አንድ ገጽ ሠራን። "ሐመሩ። ሃሌታው። ብዙኃኑ።" ሁለተኛውን ገጽ ልጀምር ስል "ዛሬ ይበቃናል፣ አይዶል?" አሉ። "ይበቃናል የኔታ" አልኩ። እንደ እጄ ፍጥነት አሥራ ዘጠኙን ገጽ በአንድ ከሰዓት በኋላ እንጨርሰው ነበር። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ፤ ማናችንም አላነሣነውም። በቀን አንድ ገጽ ሆነ። ኔትወርክ ሲጠፋ የምንቆይበት ጊዜ አለ፤ ሲመለስ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ከቅኔው በፊት ምሳ በላሽ ወይ ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ዛሬ ወደ ውጭ ወጥተዋል ወይ እላቸዋለሁ።

አንባቢዎቼ፣ አቋራጭ ቁልፍ አትጠቀሙ ልላችሁ አይደለም። እኔ ዛሬም ማውስ አልነካም፤ ሱቄ መጥቶ ማውስ ሲፈትግ የማየው ሰው ዛሬም ያናድደኛል፣ እንዲያውም አስተምረዋለሁ። ያችን የድሮ ማክሮ ግን ሰርዤያታለሁ፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊም አኩርፈው ወደ ሌላ ጸሐፊ ሄዱ። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃችኋለሁ። አንድን ሥራ በአንድ ቁልፍ ስትጨርሱ፣ እዚያ ሥራ ውስጥ አብሯችሁ ተቀምጦ የነበረ ሰው ካለ ቀና ብላችሁ እዩት። እኔ ሳላይ ነው "አለቀ" ያልኩት። ለማልፈልገው ሰዓት ስል የምፈልገውን ሰው ላጣ ነበር።

የመጨረሻው ገጽ የመጨረሻ መስመር ላይ አንዲት ቃል ቀረች፤ ኀሠሠ። ፈለገ ማለት ነው። ቃሉን አነበብኩላቸውና "የኔታ፣ ይቺ ሀ የትኛዋ ናት?" አልኩ። ያን ሁሉ ቅኔ ከነፊደሉ ያስታወሱ ሰው ናቸው።

"ይቺን ረሳኋት" አሉ። "ላስብባት። ነገ ደውይልኝ።"

ብዙኃኑ ናት። ከዚያ በፊት ሦስት ገጽ ላይ ነግረውኛልና አውቃት ነበር። በብዙኃኑ ጻፍኳት፣ ስልሳ ሁለቱን ገጽ አተምኩ፣ እናኑ ራሷ ደብረ ወርቅ አድርሳ ለጉባኤ ቤቱ አስረከበች፤ መድረሱንም ለየኔታ ነግራቸዋለች። ይህ ከሆነ ወር አልፎታል። እኔና የኔታ ግን በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያቺን ፊደል እስከ ዛሬ እየፈለግን ነው።